ልጃችሁ ባስኬት ከያዘ፣ የስቴፍ ከሪን የኮሌጅ ዓመታት እንዲህ አንብቡ

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚደረግ የታዳጊዎች ሊግ ነጥብ እመዘግባለሁ። ክፍያ የለውም፤ ቡና ግን አይጠፋም። ጨዋታ ሲያልቅ አንዱ አባት ወይም አንዷ እናት ጠጋ ይሉኛል። "ጋሼ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሄ ልጅ ተስፋ አለው?" ገና አፌን ሳልከፍት ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። "ሜሪላንድ ይወስደዋል? ዱክስ?"

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። "ስቴፍ ከሪ ኮሌጅ እያለ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ?" ሰው የሚያውቀው ቡድኑን ጎልደን ስቴትን፣ አራቱን ዋንጫ፣ ከመሀል ሜዳ የሚለቀውን ኳስ ነው። እኔ የምፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ከ2006 እስከ 2009 ዴቪድሰን በሚባል ትንሽ ኮሌጅ የተጫወተውን ቀጭን ልጅ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ልጃችሁ ከሪ እንደማይሆን አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ። ግን የዚያ ልጅ ጨዋታ በቪዲዮም በቁጥርም ተቀምጧል፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ኮሌጅ ስትመርጡ ምን እንደምትጠይቁ፣ ልጃችሁ ሲጫወት ዓይናችሁን ምን ላይ እንደምትጥሉ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ አትላንታ፣ የትም ሁኑ፣ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካላችሁ አብረን እንየው።

ስሙን ተዉት፣ ደቂቃውን እዩ

ከሪ ያደገው ሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ነው። አባቱ ዴል ከሪ 16 ዓመት ኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የባስኬት ሊግ) ውስጥ ተጫውቷል። አባትም እናትም የተማሩት ቨርጂኒያ ቴክ ነው፤ እሱ ባስኬት፣ እሷ ቮሊቦል ይጫወቱ ነበር። የአባትየው 30 ቁጥር ማሊያ እዚያ ለክብር ተሰቅሏል። እንግዲህ በኛ ሂሳብ የልጁ ነገር አልቋል፤ በአባቱ ስም ይገባል።

አልሆነም። ቨርጂኒያ ቴክ ያለው "ከፈለገ ያለ ስኮላርሺፕ ይምጣና ቡድኑን ይቀላቀል" ነው። ትልልቆቹ ኮሌጆችም ዞር ብለው አላዩትም። አጭር ነው፣ ሲበዛ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል ተባለ።

የፈለገው ዴቪድሰን ነው። ከሻርሎት በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ተማሪው ሁለት ሺህ አይሞላም። አሰልጣኙ ቦብ ማኪሎፕ ከ1989 ጀምሮ እዚያው ነበር። ከሪንም የሚያውቀው ከራሱ ልጅ ጋር ቤዝቦል ከሚጫወትበት ዕድሜ ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጨዋታ እንሂድ። ኅዳር 2006፣ ከኢስተርን ሚሺገን ጋር። ከሪ 15 ነጥብ አገባ። 13 ኳስ ደግሞ አባከነ። አሥራ ሦስት! እኔ በምመዘግብበት ሊግ 13 ኳስ ያባከነ ልጅ እናቱ ራሷ "ይውጣ" ትላለች። ማኪሎፕ ግን በሚቀጥለው ጨዋታም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር አሰለፈው። ተጋጣሚው ሚሺገን ነበር። ከሪ 32 ነጥብ አገባ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኮሌጅ ስትመርጡ ዋናዋ ነገር እሷ ናት። ጥያቄው "ልጄን የትኛው ትልቅ ስም ይወስደዋል?" አይደለም። "ልጄ ክፉ ቀን ሲገጥመው ማን ነው በማግስቱ የሚያሰልፈው?" ነው።

ይሄንን ከቤታችሁ ሳትወጡ ማጣራት ይቻላል። የኮሌጁን የስፖርት ድረ ገጽ ክፈቱና የወንዶች ባስኬት ውስጥ ግቡ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ስታቲስቲክስ አንድ በአንድ አውጡ። ከስም ዝርዝሩ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) የሆኑትን ለዩ። በጨዋታ በአማካይ ስንት ደቂቃ ገብተዋል? የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። ከሪ በመጀመሪያ ዓመቱ 30 ያህሉን ሜዳ ላይ ነበር፤ በጨዋታ 21.5 ነጥብ ያገባውም ለዚህ ነው። ያያችሁት ቡድን ፍሬሽማኖቹ በሙሉ አራት አምስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ የሚጫወቱት፣ ልጃችሁም የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ደረጃ ጠለቅ በሉ። የየጨዋታውን ሠንጠረዥ ክፈቱና አንድ ፍሬሽማን ብዙ ኳስ ያባከነበትን ቀን ፈልጉ። ቀጥሎ ያለውን ጨዋታ ተመልከቱ። ደቂቃው ከ22 ወደ 3 ወርዷል? አሰልጣኙ በአፉ ምንም ይበል፣ መልሱን ሠንጠረዡ ሰጥቷችኋል። ይሄ አንድ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ነው። ግቢ ሲያስጎበኟችሁ ከሚያሳዩአችሁ የሚያብረቀርቅ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማኪሎፕ ዴቪድሰን የቆየው እስከ 2022 ነው፤ 33 ዓመት። ዛሬ እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ብርቅ ነው። ስለዚህ "እርስዎ እዚህ ምን ያህል ይቆያሉ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በኛ ባህል ትልቅ ሰውን እንዲህ መጠየቅ ከበድ እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም ይጠየቅ፤ የሚጠይቀውም ልጁ ራሱ ይሁን።

ውርወራ የሚስተካከለው በጊዜ ነው

ከሪ ትንሽ እያለ ኳስ የሚወረውረው ከወገቡ ከፍ አድርጎ ነበር። ይገባለታል። ግን ረጅም ተከላካይ ሲመጣ በቀላሉ ይታገዳል። ልጁ ሃይስኩል እያለ አባቱ አንድ ክረምት ሙሉ አወራወሩን አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራው፤ ኳሱ ከግንባር በላይ እንዲለቀቅ። በዚያ ክረምት ልጁ ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ መወርወር አቅቶት ነበር። የሦስት ነጥብ ልጅ የተባለው! ግን ኮሌጅ ሲገባ የያዘው አዲሱን ውርወራ ነው።

ልጃችሁ አሥረኛ ክፍል ሆኖ ከደረቱ የሚገፋ ከሆነ፣ ይሄ ክረምት ነው የሚስተካከልበት። በክረምቱ ሊግ ነጥቡ ይወርዳል። ይውረድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ መንካት ግን አደጋ ነው፤ አሰልጣኞች የሚያዩበት ዓመት ስለሆነ።

ቪዲዮ ስታዩ ኳሱን አትከተሉ

ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ይሄ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

መጋቢት 2008። ከሪ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነው። ዴቪድሰን በሊጉ ውስጥ 20 ተጫውቶ 20 አሸንፎ ወደ ብሔራዊው ውድድር ገባ። ደረጃው 10ኛ ተባለ፤ ማለትም ማንም አልጠበቃቸውም። መጀመሪያ ጎንዛጋን ገጠሙ። 82 ለ 76 አሸነፉ፤ ከሪ 40 ነጥብ፣ 30ው ከእረፍት በኋላ። ከሁለት ቀን በኋላ ጆርጅታውን መጣ። እዚሁ የኛው ከተማ ጆርጅታውን፣ ረጅሙ ሮይ ሂበርት ያለበት፣ 2ኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን። ዴቪድሰን በ17 ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከሪ በመጀመሪያው አጋማሽ 5 ነጥብ ብቻ ነበረው። ከእረፍት በኋላ 25 ጨመረ፤ 74 ለ 70 አለቀ። በዚያን ቀን ዲሲ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ወዳጆቼ ዛሬም ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ቀጥሎ ዲትሮይት። የኮሌጁ ቦርድ ለተማሪዎቹ የአውቶቡሱን፣ የትኬቱንና የማደሪያውን ከፍሎ ወሰዳቸው። ዊስኮንሲንን 73 ለ 56 አሸነፉ፤ ከሪ 33። ሌብሮን ጄምስ ሳይቀር ሊያየው መጥቶ ነበር። ከዚያ ካንሳስ፤ በኋላ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን። 59 ለ 57 ተሸነፉ።

የጆርጅታውኑን ጨዋታ አግኝታችሁ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ። አንዴ እንደ ማንኛውም ተመልካች እዩት፤ ተደሰቱ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ኳሱን ረስታችሁ ከሪን ብቻ ተከተሉ። ምን ታያላችሁ? ሩጫ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው፣ በጓደኞቹ ትከሻ ሥር ሹልክ እያለ፣ ተከላካዩን ግድግዳ ሆኖ ከሚቆም ጓደኛው ጋር እያጋጨ። ኳሱን የሚያመጣው ጄሰን ሪቻርድስ ነው፤ በዚያ ዓመት በአሲስት (ጓደኛው ነጥብ የሚያገባበትን ኳስ በማቀበል) ከመላው አገሪቱ አንደኛ የነበረ ልጅ። ከሪ ኳስ እጁ ሲገባ ሥራው አልቋል፤ የቀረው መልቀቅ ብቻ ነው።

ከዚያ የልጃችሁን ቪዲዮ በዚሁ ዓይን እዩት። ብዙ አባቶች ስልክ ይዘው የሚቀርጹት ኳሱ ልጃቸው እጅ ሲገባ ነው፤ ሲያልፍ ያቆማሉ። ይሄ ለቴሌግራም ግሩፕ ይሆናል። ለእናንተ ሥራ ግን ሙሉውን ቅረጹ፤ ከተቻለ ከፍ ካለ ቦታ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲታይ። ኳስ ከሰጠ በኋላ ቆሞ ያያል ወይስ ይንቀሳቀሳል? ተከላካዩ ሲደክም ያውቃል? የኮሌጅ አሰልጣኝ የሚፈልገው ይሄንን ነው፤ ምክንያቱም ኮሌጅ ሲገባ ኳሱ ከእጁ ይወሰዳል። ሃይስኩል ላይ ኮከብ የነበሩ ሁሉ አንድ ቡድን ውስጥ ነው የሚገናኙት።

የካንሳሱን የመጨረሻ ሴኮንዶች ደግሞ ለብቻው እዩ። ዴቪድሰን በሁለት ነጥብ እየተመራ ኳሱ ከሪ እጅ ነው። ሁለት ተከላካይ መጡበት። ማለፊያ አጣ። ለሪቻርድስ ሰጠ፤ ሪቻርድስ ወረወረ፤ አልገባም። አለቀ። ልጃችሁን "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። "እኔ እወረውር ነበር" ካለ አትቆጡት፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ግን ነጻ ለቆመ ሰው መስጠት ትክክል እንደነበር፣ አለመግባቱም ያንን ትክክልነት እንደማይሽረው አስረዱት።

ዜሮ ነጥብ ያገባበት ቀን

ኅዳር 2008፣ ሦስተኛ ዓመቱ። እዚሁ ባልቲሞር ያለው ሎዮላ ዴቪድሰንን ሊገጥም ሄደ። የሎዮላ አሰልጣኝ አንድ ዘዴ አመጣ። ጨዋታውን ሙሉ ሁለት ሰው ከሪ ላይ ለጠፈበት፤ ኳስ ያዘም አልያዘም። በአገሪቱ ብዙ ነጥብ የሚያገባውን ልጅ ዜሮ ላይ ማቆም ነበር ሐሳቡ።

ተሳካለት። ከሪ ሦስት ጊዜ ብቻ ወረወረ፤ ምንም አላገባም። ሁለቱን ጠባቂዎች ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። ሌሎቹ አራቱ ሦስት ተከላካይ ላይ ተጫወቱ። ውጤቱ? ዴቪድሰን 78፣ ሎዮላ 48።

እኔ ይሄንን ጨዋታ ከ40 ነጥቡ በላይ ነው የማወራው። ምክንያቱም በየቅዳሜው "ኳስ አይሰጡኝም" እያለ የሚያለቅስ ልጅ አለ። አባትም መኪና ውስጥ "አዎ፣ ቀንተውብህ ነው" ይለዋል። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ልጃችሁ ሁለት ሰው ከተለጠፈበት ክብር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ጓደኞቹን ነጻ ማውጣት ነው።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ነገር አለ። ደብተር ያዙ። እኔ ለጠየቁኝ ወላጆች የማሰምርላቸው ረድፎች እነዚህ ናቸው፤ የገባበት ደቂቃ፣ የወረወረው፣ ያስገባው፣ አሲስት፣ ያባከነው ኳስ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰፋ ያለ ረድፍ ተዉ፤ "ከተሳሳተ በኋላ ምን አደረገ?" የምትል። ሮጦ ተመለሰ? ዳኛ ላይ እጁን ዘረጋ? አሰልጣኙን አኮረፈ? ነጥብ ለመጻፍ እኔ አለሁ፤ ያቺን ረድፍ የምትሞሉት ግን እናንተ ናችሁ። የሁለት ወር ማስታወሻ ከተጠራቀመ በኋላ ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ያኔ ስለ ስሜት ሳይሆን ስለተጻፈ ነገር ትነጋገራላችሁ።

ቁጥር ሲወርድ አትደንግጡ

ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ከሪ በጨዋታ 28.6 ነጥብ አግብቶ ከአገሪቱ አንደኛ ሆነ። ግን የውርወራው ጥራት ቀነሰ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከ100 የሦስት ነጥብ ውርወራ 44 ያህል ያስገባ የነበረው፣ ሦስተኛው ላይ 39 ያህል ሆነ። የሚያባክነው ኳስም ጨመረ።

ምን ሆነ? ሪቻርድስ ተመረቀ። ኳስ ይዞ ጨዋታውን በሚመራው፣ ፖይንት ጋርድ በሚባለው ቦታ ላይ ከሪ ራሱ ገባ። ሁለተኛ ዓመት 2.9 የነበረው አሲስቱ ወደ 5.6 ወጣ። ኤንቢኤ ደግሞ የጠየቀው ይሄንኑ ነበር። "ወርዋሪ መሆኑን አይተናል፤ በዚህ ቁመት ግን ኳስ ይዞ ቡድን መምራት ይችላል ወይ?" ከባዱን ሥራ ወስዶ ቁጥሩ ትንሽ ቢበላሽም መልሱን አሳያቸው። ስለዚህ አሰልጣኙ ልጃችሁን ወደ አዲስ ቦታ ሲያዛውረው፣ ነጥቡ ከ18 ወደ 11 ወረደ ብላችሁ ስልክ አትደውሉ።

ትንሽ ኮሌጅ ዋጋም ያስከፍላል፤ ይሄንንም አልደብቅም። በዚያው ዓመት ዴቪድሰን በሊጉ የማጠቃለያ ውድድር በኮሌጅ ኦፍ ቻርልስተን ተሸነፈ። በዚህ የተነሳ የአገሪቱ ከፍተኛ ነጥብ አግቢ በብሔራዊው ውድድር ሳይጫወት ቀረ። ከትንሽ ሊግ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ የሊጉን ውድድር ያሸነፈው። ኮሌጅ ስታጣሩ ሊጉ በየዓመቱ ስንት ቡድን እንደሚያሳልፍ እዩ።

ደግሞ ሁሉም በዚህ መንገድ አይሄድም። ታናሽ ወንድሙ ሴት ከሪ ሊበርቲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ 20 ነጥብ አገባ። ከዚያ ወደ ዱክ ተዛወረ። በ2013 ድራፍት ስሙ አልተጠራም። ቢሆንም ኤንቢኤ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ ታላቁን የማወራው ለብዙ ልጆች የሚቀርበው የሱ መንገድ ስለሚመስለኝ ነው።

የድራፍት ወሬ

ድራፍት ማለት የኤንቢኤ ቡድኖች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት ምሽት ነው። ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ ከመላው ዓለም 60 ገደማ ስም ይጠራል። አንድ አሜሪካዊ ልጅ ለመግባት በዚያ ዓመት 19 መሙላትና ሃይስኩል ከጨረሰ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት።

ሰኔ 2009 ኒውዮርክ። አንደኛ ብሌክ ግሪፈን ተጠራ። ሁለተኛ ሀሺም ታቢት፤ የዳሬሰላም ልጅ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ የሚበልጥ። ሦስተኛ ጄምስ ሃርደን፣ አራተኛ ታይሪክ ኢቫንስ። ሚኔሶታ አምስተኛውንም ስድስተኛውንም ምርጫ ይዞ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ፖይንት ጋርድ መረጠ፤ ሪኪ ሩቢዮንና ጆኒ ፍሊንን። ሁለቱንም ጊዜ ከሪን አለፈው። ሰባተኛ ላይ ጎልደን ስቴት ወሰደው። ታቢት ጎረቤታችን ነውና እንዲሳካለት እመኝ ነበር፤ ግን ቁመቱ ብቻውን አላዘለቀውም። ልጃችሁ ስላጠረ የምትጨነቁ ካላችሁ ይቺን ዝርዝር ፍሪጅ ላይ ለጥፏት።

የመጀመሪያ ዓመቱ ጥሩ ነበር፤ 17.5 ነጥብ፣ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሁለተኛ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ አስቸገረ። በ2011 እና በ2012 ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2011–12 የውድድር ዓመት የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው። በዚህ ጭንቀት መሀል የ4 ዓመት የ44 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ለኔና ለእናንተ ብዙ ነው፣ ለሱ ዓይነት ተጫዋች ግን ርካሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ2015 እና በ2016 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች፣ በአንድ የውድድር ዓመት 402 ሦስት ነጥብ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ።

ስለ ቁርጭምጭሚት ካነሳን፣ ልጃችሁ እግሩ ከተጣመመ "ወጌሻ አሽቶት ቅዳሜ ይጫወታል" አትበሉ። ሐኪም ይየው፤ ማጠናከሪያውን እንቅስቃሴ ይጨርስ፤ ከዚያ ይመለስ።

ወረቀቱ የሚጀምረው ዘጠነኛ ክፍል ነው

ብዙ ሐበሻ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባስኬቱን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ይከታተላል፤ ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያስታውሳል።

ዲቪዥን ዋን በሚባለው ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ ለመጫወት ልጁ 16 ዋና ዋና የሚባሉ ኮርሶች ማለፍ አለበት፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የመሳሰሉት። በእነዚያ ኮርሶች አማካይ ውጤቱ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። አሥራ አንደኛን አባክኖ በመጨረሻው ዓመት ማካካስ አይቻልም ማለት ነው። ለዲቪዥን ቱ ውጤቱ 2.2 ነው። ልጁ በቅርብ ከአገር ቤት የመጣ ከሆነና እንግሊዝኛ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ክፍል የሚማር ከሆነ፣ የትኛው እንደሚቆጠር የትምህርት ቤቱን አማካሪ አሁኑኑ ጠይቁ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ መመዝገቢያ ማዕከል ድረ ገጽ ላይም አካውንት ይክፈት።

ስኮላርሺፕን በተመለከተ፣ ዲቪዥን ስሪ ኮሌጆች ለስፖርት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም አይሰጥም። ግን በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርተው ይረዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ እርዳታው ከግማሽ ስኮላርሺፕ ይበልጣል። "ዲቪዥን ስሪ ነው" ብላችሁ ሳታሰሉ እንዳትንቁት።

ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ከ2025 ወዲህ ኮሌጆች ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። መዛወርም እንደ ድሮው አንድ ዓመት ቁጭ አያሰኝም። ከሪ ዛሬ ቢሆን ከጆርጅታውኑ ጨዋታ ማግስት ስልኩ አያርፍም ነበር። ልጃችሁም ጥሩ ከሆነ ይደወልለታል። ገንዘቡን አልንቅም። ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ግን የደቂቃውን ምርመራ በአዲሱ ኮሌጅ ላይም ድገሙት። በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳያየው ምንም ነገር እንዳይፈርም፤ ቪዛው ሊበላሽ ይችላል።

ትምህርቱስ? ከሪ ከዴቪድሰን የወጣው ዲግሪውን ሳይዝ ነው። ኮሌጁ ደግሞ ያልተመረቀ ተጫዋች ማሊያ አይሰቅልም። የሊጉ ምርጥ ሆነ፣ ዋንጫ ደጋገመ፤ ማሊያው አልተሰቀለም። በ2022 ቀሪ ትምህርቱን ጨርሶ በሶሺዮሎጂ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ባለ 30 ቁጥር ማሊያው ተሰቀለ፤ "ነሐሴ" ያልኩት ኦገስትን ነው። ይሄንን ታሪክ ለእናቶች ስነግር ፈገግታቸውን ብታዩት።

ለአሰልጣኝ መጻፍ

ደብዳቤውን ልጁ ይጻፍ። አባት የጻፈው ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። አጭር ይሁን፤ ስም፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ ቁመት፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ የትምህርት ውጤት፣ የሚቀጥሉት ጨዋታዎች ቀንና ቦታ። ሦስት ደቂቃ የተመረጠ ቪዲዮ ያያይዝ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ሙሉ ጨዋታ። ሙሉው ጨዋታ ሲሸነፉ የተቀረጸ ቢሆንም ምንም አይደለም። ለዚያ ቡድን ለምን መጫወት እንደፈለገም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ እንዳይመስል።

ዲቪዥን ዋን የወንዶች አሰልጣኞች መልስ መስጠት የሚፈቀድላቸው አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ዝም ቢሉ ሕጉ ስለሚከለክላቸው ነው። ልጁ ግን ቀድሞ መላክ ይችላል። ከትልልቆቹ ሁለት ሦስት፣ ከመካከለኞቹ አምስት ስድስት፣ በመኪና ከሚደረስባቸው ትንንሾች ደግሞ በርከት አድርጎ ይላክ።

"ልጁን ኮሌጅ አስገባልሃለሁ፣ ይሄን ያህል ሺህ ዶላር ክፈል" የሚል ሰው ከመጣ፣ መጀመሪያ ከላይ ያለውን ሁሉ በነጻ ሞክሩት። ካልገባችሁ ቅዳሜ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ነጥብ መዝጋቢው ጠረጴዛ ብቅ በሉ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን።